ስምንት አሜን

ባለቤቴ ቻይነሽ ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የዘር ማበጠሪያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ለቀማ ነበር። ከየገበሬው የተሰበሰበ የበቆሎ ዘር በጎማ ቀበቶ ላይ እየፈሰሰ ሲያልፍ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ መልኩ ከሌላው የተለየውን በጣቷ ታወጣለች። ዘጠኝ ሴቶች ከቀበቶው ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። የእሷ ወንበር የመጨረሻው ነበር። ስምንቱ ዓይን ያመለጠውን የምትይዘው እሷ ነበረች።

የሰከላ ገበሬ ልጅ ናት፤ ግሽ ዓባይ አጠገብ ነው ያደገችው። ዘር የምታየው እንደ ዕቃ አልነበረም። ማታ እራት ስናቀርብ «ዛሬ የለቀምነው ወደ ሊበን ነው አሉ የሚሄደው» ትለኛለች፣ ዘመድ የላከች ይመስል። በክረምት ወደ አዴት ለዘመድ ጥየቃ ስንሄድ በመኪናው መስኮት የበቆሎ ማሳ እያየች ክንዴን ትነካኛለች።

«ይቺ የእኔ ናት።»

«በምን አወቅሽ?»

«ረድፏን አታይም? አንድ የጎደለ የለ።»

እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ሥራዬን አልጠላም፤ ግን አንድም ቀን በመኪና መስኮት ተማሪ እያየሁ «ይሄ የእኔ ነው» ብዬ አላውቅም። በዚህ በዚህ እቀናባት ነበር።

ያን ጊዜ የለቀማው አለቃ አያ ባምላኩ ነበሩ። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይጨምር ሰው ናቸው። በእኛ አገር ሥራ ላይ ባለ ሰው አጠገብ ዝም ተብሎ አይታለፍም። የሚያርስም ይሁን የሚቆፍር፣ የምትፈጭም ትሁን የምታጥብ፣ «እግዜር ያበርታህ»፣ «ያበርታሽ» ተብሎ፣ «አሜን» ተሰምቶ ነው የሚታለፈው። ሳይል ያለፈ ሰው ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ንቋል። አያ ባምላኩ ከዚህ ሰላምታ የሥራ ደንብ አወጡ።

ማሽኑ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይቆም ነበር። አንዳንዴ መብራት ይጠፋል፤ አንዳንዴ ዘሩ ይታፈናል። ሲቆም ሴቶቹ እጃቸውን ከቀበቶው ሥር ሰድደው የተወሸቀውን ያወጣሉ። አንዷ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ትወርዳለች። ጉድጓዱ ከጭነት መኪና የተራገፈው በቆሎ የሚገባበት ነው፤ ከዚያ ውስጥ በሰንሰለት ላይ የተደረደሩ የብረት ባልዲዎች እየዛቁ ወደ ላይ ወደ ወንፊቱ ያወጡታል። ባልዲዎቹ ሲታፈኑ በእጅ ካልተፈለፈለ አይለቅም።

እንግዲህ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት አያ ባምላኩ ቁልፉ አጠገብ ይቆማሉ።

«እግዜር ያበርታችሁ!»

እጇ ነጻ የሆነች «አሜን» ትላለች። እጇ ማሽን ውስጥ ያለ ዝም ትላለች። እሳቸው ይቆጥራሉ። ዘጠኝ ካልሞላ ቁልፉን አይነኩም፤ እስኪሞላ ቆመው ይጠብቃሉ።

አንድ ጊዜ አዲስ የተቀጠረች ሴት «አያ፣ ከጉድጓድ ሆኜ ቆዩ ብዬ ብጮህስ አይሻልም?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«ከዚያ የሚወጣ ድምፅ ጉምጉምታ ነው ልጄ። ቆዩም በይ አሜን በይ ለእኔ አንድ ነው። አንቺ ዝም በይ። ዝምታሽን እኔ እሰማዋለሁ» አሏት።

ቻይነሽ ይህን ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ አልቆጠርኩም። አንድ ዓመት ተስቦ ይዟት ሁለት ሳምንት ተኝታ ነበር። ስምንቱ ሴቶች የእሷን ድርሻ ተካፍለው ለቀሙ። ወንበሯ ላይ ሻርፕ አኖሩበት። አያ ባምላኩ «ያበርታችሁ» ብለው ስምንት ሲሰሙ፣ «የቻይነሽን እኔ እላለሁ፤ አሜን» እያሉ ነበር ቁልፉን የሚጫኑት። እህተ ማርያም የምትባለው ጓደኛዋ ሾርባ ይዛ መጥታ ይህን ስትነግራት ቻይነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ገባች። እኔ ከደጅ ቆሜ «ደህና እንኳ ሳትሆኚ!» ብዬ ጮኼባታለሁ።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አያ ባምላኩ እግራቸው አብጦ ጡረታ ወጡ። በምትካቸው ወንዳወቅ የሚባል ተቆጣጣሪ ከፍኖተ ሰላም ተላከ። ዕድሜው ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት ቢሆን ነው። ዲፕሎማ አለው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። ክፉ ሰው ነው ብዬ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቻለሁ። እንደማስበው ግን ሴቶች ሲስቁ የሚፈራ ሰው ነበር፤ ከዚያ የበለጠ አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በቀበቶው ራስ ላይ ቆመ።

«ወንዳወቅ እባላለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራው በሰዓት ነው። ወሬ የለም።»

ቻይነሽ ከለቀማው ቀና አላለችም። «ወንድ ካወቅንማ ቆየን» አለች፤ «ሥራ አወቅ ቢልኩልን ምን ነበረበት?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ወይኒቱ የምትባል ተጫዋች ወጣት ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። እሱም ፈገግ አለ፤ ግራ ስለገባው። ምሳ ላይ ወይኒቱን ጠርቶ «ምን ብላ ነው ያቺ ሴትዮ?» ብሎ ጠየቃት። ወይኒቱ ሰምና ወርቁን ለይታ ነገረችው። «ለሳቅ ብዬ ነው» አለችኝ ኋላ። እውነቷን ይሆናል። ቻይነሽ ቤት መጥታ ስትነግረኝ እኔም እንባዬ እስኪመጣ ስቄያለሁ።

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ መጣ። ወንዳወቅ ቁልፉ አጠገብ ቆሞ «ያበርታችሁ!» አለ። አሜኑ ከወንበር ወደ ወንበር እየዞረ መጨረሻው ላይ ቻይነሽ ደረሰ። «አሜን» አለች።

«አንቺ ተይው» አላት። «ያንቺ አሜን አያስፈልገንም። ሥራ ስታውቂ ያን ጊዜ አሜን ትያለሽ።»

ሴቶቹ ሳቁ። መልሱ ለነገሩ የሚከፋ አልነበረም፤ ቻይነሽ ራሷ ቀድማ ፈገግ ብላ ነበር። ነገሩ በዚያው የሚያልቅ መስሏት ነበር። በማግስቱ እንደ ልማዷ «አሜን» ስትል እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እሷ እስክትተው ማሽኑ አይነሳም። የዛሬው ሥራ ሳያልቅ ደግሞ ወደ ቤት የለም።»

ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። ልጅ ከትምህርት ቤት የምትጠብቅ አለች፤ ሩቅ መንገድ የምትሄድ አለች። መጀመሪያ የተናገረችው እህተ ማርያም ናት፤ የስምንት ዓመት ጓደኛዋ።

«ቻይኔ፣ ተያት እንግዲህ። አንዲት አሜን ናት።»

«አንዲት አሜን ናት» አለች ወይኒቱም። «አንቺ ብትይ ባትይ ከሰማይ አትወርድ!»

ቻይነሽ እያንዳንዳቸውን አየቻቸው። ወንዳወቅ እንደገና «ያበርታችሁ» ሲል አፏን ዘጋች። ስምንት አሜን ተባለ። ማሽኑ ተነሳ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ሆነ።

ሰውየው በዚህ አልበቃውም። ሳምንት ሳይሞላ «ከእሷ ጋር ወሬ የያዘች ጉድጓድ ትወርዳለች» አለ። ጉድጓድ መውረድ በተራ ነበር፤ ማንም የማይወደው ሥራ ስለሆነ። አቧራው አፍንጫ ይዘጋል፤ ለቀናት ጉሮሮ ውስጥ ይቆያል። እህተ ማርያም አስም አለባት። አንድ ጠዋት በቻይነሽ ወንበር በኩል ስታልፍ ቀስ ብላ «ያበርታሽ» አለቻት። ወንዳወቅ ሰማ። ወረደች። ስትወጣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ ቻይነሽ ናት ደግፋ ያስቀመጠቻት። ከዚያ ወደ ወንዳወቅ ሄዳ «ጉድጓዱን እኔ እወርዳለሁ። እሷን ተዋት» አለችው።

«እሺ» አላት። «እንግዲያው ጉድጓዱ ያንቺ ነው። ሁልጊዜ።»

ለእህተ ማርያምም «ከእንግዲህ ያበርታሽ እንዳትይኝ» አለቻት። ያን ዕለት ማታ እግሯን እየታጠበች ነገረችኝ። ውሃው ጭቃ መስሎ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለች በድንገት፣

«እንዳትይኝ አልኳት። አላለችኝም» አለች።

«አንቺ አይደለሽ ያልሻት?»

«እኔ ነኝ። ግን ሁለተኛ ቀን እንኳ አትሞክርም ላቄ? አንድ ቀን ብቻ ሞክራ እኔ ብቆጣት ምን ነበረበት?»

«ስምሽ ቻይነሽ አይደል? ቻይው» አልኳት። ላስቃት ብዬ ነው። አልሳቀችም።

«ሰው እኮ ለስሙ አይሠራም» አለች።

ያን «ቻይው» ያልኳትን ቃል ዛሬ ብበላው እወድ ነበር።

ሥራዋ ላይ ያየሁት ለውጥ እንዲህ ነበር። ድሮ ዶሮ ሳይጮህ የምትነሳ ሴት፣ እኔ ቀስቅሻት ነው የምትነሳው። የት የሚሄድ ዘር እንደሆነ መናገር ተወች። አንድ ማታ «ዛሬ ነቀዝ የበላው ሦስት አየሁ» አለችኝ። «አወጣሽው?» አልኩ። «አለፈ» አለች። «ስምንቱ ካሳለፉት እኔ ምን ቤት ነኝ?» ይህን ያለችው እንደ ዜና ነው፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ። ነቀዝ የበላው ዘር ገበሬ ማሳ ላይ ወድቆ ባዶ ረድፍ እንደሚሆን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም። መስከረም ላይ ወደ አዴት ስንሄድ መስኮቱን ለእኔ ለቀቀችልኝ። መንገዱን ሙሉ ጉልበቷን እያየች ሄደች።

ጥቅምት ላይ አመለከትን። ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩት። ቻይነሽ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ ሌላ ነገር እንዳልጨምር አስማለችኝ። ወንዳወቅ እንዲነሳ አልጠየቀችም፤ ከጉድጓዱም እንድትወጣ አልጠየቀችም። ጥሪው ሲደረግ እንደ ሌሎቹ አሜን እንድትልና አሜኗም እንዲቆጠር ብቻ ነበር። ተዘግቶ የነበረው መንገድ በተከፈተ ሰሞን ዋናው ቢሮ ወዳለበት ወደ ፍኖተ ሰላም ይዘን ሄድን። የተቀበለችን ሀኒ የምትባል ወጣት ኃላፊ ነበረች፤ ትሑት ልጅ ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችን። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እናቴ፣ ይሄ የሃይማኖት ጉዳይ ነው?»

«አይደለም ልጄ» አለች ቻይነሽ። «የእጅ ጉዳይ ነው። ካልቆጠሩኝ እጄ የት እንዳለ አያውቁም።»

ልጅቱ ትንሽ አሰበች። የገባት መሰለኝ። ግን በጽሑፍ የሚሆን ነገር ፈልጋ ነው መሰለኝ፣ «ሦስት የሥራ ባልደረቦችዎ ይፈርሙበትና ይምጣ። ከሦስት ሰው ፊርማ ጋር ከሆነ ዛሬ ነገ ሳልል ነው የማስፈጽመው» አለች።

ሦስት ፊርማ። ቻይነሽ በመመለሻው መኪና ውስጥ ትንሽ ፈካ ብላ ነበር። «እህተ ማርያም አንድ፤ እንቁ ሁለት፤ ወይኒቱም ልጅ ናት እንጂ ክፉ አይደለችም፤ ሦስት» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጠበቀቻቸው። እኔ ከዋርካው ሥር ቆሜ ነበር፤ ንግግሩ ይሰማኛል። እህተ ማርያም ወረቀቱን ይዛ ብዙ ቆየች።

«ልጆች አሉኝ ቻይኔ። እኔንም ጉድጓድ ቢልከኝ አልመለስም።»

«ከፈረምሽ እኮ ማንንም አይልክም።»

«እሱን ማን ያውቃል?»

ወይኒቱ ወረቀቱን አልነካችም። «አሜን ለማለት ደብዳቤ!» አለችና ሳቀች፤ ከዚያ ቻይነሽን አይታ ሳቁን ተወች። «በቃ ይቅር ቻይኔ። ይቅርታ ጠይቂውና ያልቃል። አንቺ ነሽ የጀመርሽው።»

እንቁ ከሦስቱ ትልቋ ናት። «እኔ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር፣ ብዕር አልያዝኩም» አለች።

ቻይነሽ ከነጠላዋ ጫፍ ብዕር ፈታ አወጣች።

«ዓይኔም አያይ» አለች እንቁ። «መነጽሬን ረስቼ።»

ቻይነሽ ብዕሩን መልሳ ቋጠረች። ወደ እኔ ስትመጣ ወረቀቱ በእጇ አራት ጊዜ ታጥፎ ነበር። ቤት ስንደርስ ከጨው ዕቃው ሥር አኖረችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዋ ክፉም ደግም አልተናገረችም። ውረጂ ሲሏት ትወርዳለች፤ ውጪ ሲሏት ትወጣለች። ያልታዘዘችውን አትሠራም፤ ያልተጠየቀችውን አትመልስም። በሥራ ሰዓት አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ውላ የምትመጣበት ቀን ነበር።

ማድረግ የምችለው ነገር ነበር? ነበር። ቡሬ ውስጥ አያ ባምላኩ ቤት ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ሄጄ «አያ፣ ደንብዎ ፈርሷል» ብላቸው በእነዚያ እግሮቻቸው እየተጎተቱ ይመጡ ነበር። አልሄድኩም። ነገሩ የሴቶች ኩርፊያ መስሎኝ ነበር።

ሚያዝያ ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም ነው። የማወራው እህተ ማርያም በሰልስቱ እንደነገረችኝ ነው። መብራት ጠፋ። ሲመለስ ማሽኑ ተነስቶ ትንሽ እንደሄደ ባልዲዎቹ ታፈኑ፤ ወንዳወቅ አጠፋውና ቻይነሽን በጣቱ ወደ ጉድጓዱ አመለከታት። ወረደች። ስትፈለፍል ድምፁ ይሰማ ነበር። ወንዳወቅ ስልክ ተደወለለት፤ እያወራ ወደ ውጪ ወጣ፤ ተመለሰ። ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ እንደ ወትሮው «ውጪ» አላላትም። ቁልፉ አጠገብ ቆሞ «ያበርታችሁ!» አለ።

ከጉድጓዱ ምንም አልተሰማም። እጇ ባልዲዎቹ መካከል ነበር። ዝም አለች፤ አያ ባምላኩ እንዳስተማሩት። ዝምታዋ ይሰማል ብላ።

ስምንት አሜን ተባለ።

«አይቻት ነበር» አለችኝ እህተ ማርያም። «ስትወርድ አይቻት ነበር። አለመውጣቷንም አውቃለሁ። ተራዬ ደረሰ፣ አሜን አልኩ። አፌ ለምዶ ነው ላቀው። ጆሯችን ስምንት ለምዶ ነው። ካለቀ በኋላ ነው የደነገጥኩት፤ እሱ ተጭኖት ነበር።»

ማሽኑ ሲነሳ የጮኸችው አንድ ጊዜ ነው አሉ። ወንዳወቅ ቁልፉን መልሶ እስኪያጠፋ ባልዲዎቹ ግራ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ይዘውት ሄደዋል።

ከክፍል ጠርተው ሲያመጡኝ በአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አስቀምጠዋት ነበር። ወደ ፍኖተ ሰላም ውሰዷት ተባለ። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድን። የተጠቀለለችበት የዘር ጆንያ ነበር፤ ላዩ ላይ የታተመው የበቆሎ ሥዕል በደም ጠፍቷል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«እኔ አሜን አላልኩም እኮ» አለች።

«አዎ፣ አላልሽም።»

«አላልኩም እኮ ላቄ።»

ማንኩሳን ሳናልፍ ሞተች።

ለቅሶው ላይ አያ ባምላኩ በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። ስምንቱ ሴቶች በአንድ በኩል ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውን ነጭተዋል፤ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይሉኝ ነበር። ዓመት ሙሉ ለእሷ ያልወጣቸው ቃል ነው። አያ ባምላኩ ለእኔ ምንም አላሉኝም። ወደ ሴቶቹ ዞረው በዚያ በማይጨምር ድምፃቸው፣

«ስንት አሜን ነበር?» አሉ።

ወይኒቱ መጨረሻ ላይ «ስምንት» አለች።

«ስምንት» አሉ እሳቸው። ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉና እስኪሄዱ ድረስ አልገለጡትም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ከቢሮ ጠርተውኝ ሄድኩ። ያቺው ሀኒ ናት የተቀበለችኝ፤ ዓይኔን ማየት አቅቷት ጠረጴዛውን እያየች ወረቀት ሰጠችኝ። የአደጋው ሪፖርት ነው። አጭር ነው፤ በደንብ የተጻፈ ነው። «ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት በተለመደው አሠራር መሠረት ጥሪ ተደርጎ፣ ሠራተኛዋ ምላሽ ባለመስጠቷና በቦታው መኖሯን ባለማሳወቋ» ይላል። ከሥሩ የምስክሮች ፊርማ አለ። ቆጠርኩት። ስምንት ነው። የእህተ ማርያም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የወይኒቱ ትልቅ ነው። የእንቁ ከሁሉም ያምራል፤ በመስመሩ ላይ ልክ የተቀመጠ፣ ቀጥ ያለ።

«ይፈርሙልኛል፣ መድረሱን?» አለችኝ ሀኒ።

ሦስት ፊርማ ያለበት ወረቀት ብናመጣላት ዛሬ ነገ ሳትል እንደምታስፈጽም ትዝ አላት ወይ ብዬ ልጠይቃት ነበር። አልጠየቅኋትም። ፈረምኩ።

ማበጠሪያው አሁን ደወል ተገዝቶለታል። ወንዳወቅ እዚያው ነው። ያበርታችሁ የሚባል የለም፤ ደወሉ ሁለት ጊዜ ይጮሃል፣ ማሽኑ ይነሳል። በመጨረሻው ወንበር ላይ አዲስ ሴት ተቀምጣለች አሉ። ስሟን አላውቅም።

ሰኔ ላይ የጓሮዬን ድንች እኮተኩት ነበር። ቻይነሽ የተከለችው ነው። አጎንብሼ፣ እጄ አፈር ውስጥ እንዳለ፣ ከአጥሩ ማዶ መንገዱ ላይ የእግር ድምፅ ሰማሁ፤ ቆመ።

«ያበርታህ ላቀው።»

እህተ ማርያም ናት። ከሥራ ወደ ቤቷ የምትመለስበት መንገድ በእኔ ደጅ ነው። ለሁለት ወር በሌላ መንገድ ስትሄድ እንደነበር አውቃለሁ።

ዝም አልኩ። አረሙን ነቀልኩ።

«ያበርታህ» አለች ደግማ።

አሁንም ዝም አልኩ። ትሄዳለች ብዬ ነበር፤ አልሄደችም። ለዓመታት አያ ባምላኩ ያስተማሯት ሴት ናት፤ መልስ ካልተሰማ መንቀሳቀስ እንደሌለ ታውቃለች። ያቺ አሜን ካልወጣችልኝ እንደማትሄድ ገባኝ። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። በጎን ሳያት ሁለት እጇን አጥሩ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ጥላ ይዛ አልዘረጋችውም።

ረድፉን እስከ ጫፉ ኮተኮትኩ። ቀና ስል እዚያው ነበረች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ እየጠበቀች ነው።

ሌላ ረድፍ ጀመርኩ።